የጋሽ መልከጸዴቅ እንግሊዝኛ

ጋሽ መልከጸዴቅ እንግሊዝኛ የተማሩት ትምህርት ቤት ገብተው አይደለም። በወጣትነታቸው አስመራ ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ሳሉ፣ የአሜሪካኖቹ ጦር ሰፈር ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ሱቃቸው ውስጥ ተከፍቶ ይውል ነበር። መጀመሪያ የትልልቆቹ ባንዶች ጡሩምባ፣ ቀጥሎ የባንዱ መሪና የዘፋኟ ስም ይሰማል፤ ይህን ሁሉ የሚያስተዋውቀው ሰውዬ ደግሞ ድምፁ እንደ ማር ነው። እጃቸው ፀጉር ሲቆርጥ አፋቸው የሰውዬውን አነጋገር ይቀዳ ነበር።

ዛሬ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ሲያትል አጠገብ፣ ነርስ ልጃቸው ኖላዊት ዘንድ ሲኖሩም የሚናገሩት ያንኑ ነው። ባለፈው ክሊኒክ ሄደው ሐኪሟ «እንዴት ነዎት?» ብትላቸው ደረታቸውን ነፋ አድርገው፣ «ክቡራትና ክቡራን! የግራ ጉልበቴ ከትናንት ጀምሮ በሕመም ላይ ይገኛል!» አሏት። ኖላዊት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«አባባ፣ ከእንግዲህ እኔ ልናገርልዎ፣ ኦኬ?» አለቻቸው መኪና ውስጥ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ግን ሰው እንደዚያ አያወራም።»

ከዚያ ወዲህ ጋሽ መልከጸዴቅ ፈረንጅ ፊት አፋቸውን ዘጉ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወዳጃቸውን ሊጠይቁ ከሚኖሩበት ከማውንትሌክ ቴራስ በባቡር ሄደው ሲያትል፣ ማውንት ቤከር ጣቢያ ወረዱ። ወዳጃቸው ቤት አልነበረም። ሲመለሱ ከአንድ አዳራሽ የሳክስፎን ድምፅ ሰሙና ገቡ።

መድረኩ ላይ አሥራ አራት ሽበታሞች ቀይ ኮት ለብሰው ይነፋሉ፤ ከታች ሌሎች ሽበታሞች ተቃቅፈው ይደንሳሉ። ዜማው ሲያልቅ ዋልተር የሚባለው የባንዱ መሪ ማይኩ ላይ አንድ ነገር አጉረመረመና ጀርባውን ሰጠ። ዶሎረስ የምትባል አሮጊት ዘፋኝ ቀስ ብላ ወጣች። ማን እንደሆነች የሰማ የለም፤ ሰዉም ወደ ኬኩ ሄደ።

ጋሽ መልከጸዴቅ ይህን አልቻሉም። መድረኩ ሥር ሄደው፣ «ጌታዬ፣ ዘፋኝ ሳያስተዋውቋት አትዘፍንም!» አሉ።

ዋልተር ሳቀ። «እኔ መናገር አልችልበትም። ዶሎረስ ትባላለች፤ እርስዎ ይሞክሩታ።»

ማይኩን ተቀበሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ክቡራትና ክቡራን! እዚህ ያላችሁ፣ ባሕር ማዶም በየጦር ሰፈሩ የምታዳምጡን! በቀይ ኮታቸው እንደ ጽጌረዳ ከፈኩት ወንድሞች ጋር፣ ሌሊቱን በድምፅዋ ቀን የምታደርገው፣ ወይዘሪት ዶ-ሎ-ረስ!»

ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት ነበር፤ ግን ማንም ስለ ሌሊቱ አልጠየቀም። ኬክ የያዘው ሁሉ ሳህኑን አስቀምጦ አጨበጨበ። ዶሎረስ ቀና አለች፤ ምርኩዟን ለፒያኖ ተጫዋቹ ሰጥታ፣ ሁለት እጇን ማይኩ ላይ አድርጋ ዘፈነች።

ኖላዊት ደግሞ አባቷን አሥር ጊዜ ኮል ብታደርግላቸው አላነሱም። በስልካቸው ሎኬሽን ተመርታ መጣች። በሩን ስትከፍት አባቷ አራተኛውን ዘፈን ያስተዋውቃሉ፤ ያን ያፈረችበትን እንግሊዝኛ ሁለት መቶ ሰው አፉን ከፍቶ ይሰማል። ልትቆጣ የመጣችው ልጅ ግድግዳ ተደግፋ ቀረች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ከንፈሯ ግን ይስቃል።

ሲያልቅ ዋልተር፣ «የትኛው ሬዲዮ ላይ ነበር የሠሩት?» አላቸው።

«ፀጉር አስተካካይ ነበርኩ» አሉ።

«በሚቀጥለው ቅዳሜም እንፈልግዎታለን።»

ጋሽ መልከጸዴቅ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ምን ልበለው?»

«እኔን ለምን ይጠይቁኛል?» አለች ኖላዊት። «ራስዎ ይንገሩት እንጂ!»

በሳምንቱ ሺፍቷን ቀይራ ራሷ አመጣቻቸው። ዋልተር ለአንድ ዘፈን ጡሩምባውን አስቀምጦ ለዳንስ ጋበዛት። አልቻለችበትም፤ ሁለቴ ጫማውን ረገጠችው። ያኔ ከመድረኩ፣ «ክቡራትና ክቡራን፣ እባካችሁ መንገድ ልቀቁላት! ልጄ ናት!» የሚል ድምፅ ተሰማ።