ሁለተኛው ማዳመጫ

ዓሣው ከሞተ በኋላ አባቱ ሴት ልጃቸውን የለመኗት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ሙዚየማችሁ ውስጥ ሲተነፍስ ይሰማል አሉ። እሱን አሰሚኝ።»

«ቤት አመጣልዎታለሁ አባባ።»

«የምን ቤት? በሕይወት ሳለ አንድ ቀን ሥራውን ሄጄ ሳላይለት ቀረሁ። አሁን ሰው በሚሰማበት፣ ከሰው ጋር ቆሜ ነው የምሰማው።»

እሺ ብላ ቃል ገባች።

ዓሣው የወንድሟ የቤት ስም ነው። ጠላቂ ነበር፤ አየሩን በጀርባው ተሸክሞ ይወርድና የባሕሩን ድምፅ ይቀዳል። አባቱም «ከሰው ጋር አፍህን አትከፍት፣ ከዓሣ ጋር ምን ታወራለህ?» እያሉ ይተርቡት ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ባሕር ያልነካውን ልጅ፣ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ መንገድ ሲሻገር መኪና ገጨው። እንዲህ ያለውን ሞት ለማን ይናገሩታል?

እህቱ የሙዚየሙን የባሕር ክፍል የምታሰናዳ ባለሙያ ናት። ግድግዳው ላይ ሁለት ማዳመጫዎች ሰቅላለች። አንደኛው፣ ዓሦች የሚጠለሉበት ኮራል የሚባለው የባሕር ፍጥረት በሕይወት ሳለ፣ ሁለተኛው ውሃው ሞቆ ኮራሉ ነጥቶ ከሞተ በኋላ፣ እዚያው ቦታ የተቀዳ ድምፅ ያሰማል። ሁለቱንም የቀዳው ወንድሟ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲተነፍስም አብሮ ተቀድቷል። ጎብኚው ሁለቱን አስተያይቶ ምን እንደጠፋ እንዲገባው ነው ሐሳቡ።

ኃላፊዋ ክፉ ሰው አይደለም። አንደኛውን ሰማና «ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ትንፋሹ ዓሦቹን ዋጣቸው» አላት። እውነቱን ነው፤ እሷም የሌላ ሰው ትንፋሽ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ታወጣው ነበር። ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ የወንድሟን ትንፋሽ እየለቀመች ቆረጠችው። ተነስታ ታለቅሳለች፣ ተመልሳ ትቆርጣለች። ሲያልቅ ድምፁ ጥርት አለ። ጥቃቅኖቹ ፍጥረታት የጋለ ዘይት ላይ ውሃ ጠብ እንዳለ ይንጣጣሉ፤ ዓሦቹ ያጉረመርማሉ። ጥሩ ሥራ ነበር፤ እሷ ግን ጠላችው።

ሁለተኛውንም እንዲሁ አጠራችው። ኃላፊዋ ማዳመጫውን አጥልቆ ጥቂት ቆየና «ተበላሽቷል እንዴ?» አለ። አልተበላሸም። ትንፋሹ ሲወጣ የቀረ ነገር የለም። «እዚህኛው ላይ እንኳ ትንፋሹ ይቆይ፤ አለዚያ ሰው የተሰበረ ይመስለዋል» ብሎ ሄደ።

በመክፈቻው ቀን አባት ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። አንደኛውን አጠለቁ። ቀስ ብለው ፈገግ አሉና «ለካስ እውነትም ያወራሉ» አሉ። ቆይተው ግን ፊታቸው ጠቆረ። «እሱስ?»

ልጅቷ ሁለተኛውን አቀበለቻቸው።

አባት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጥቂት ቆይቶ ደረታቸው ከሚሰሙት ጋር ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። ከኋላቸው ሰልፍ ተሠራ፤ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጅቷ ክንዳቸውን ነካ አድርጋ፣ «አባባ፣ ይኼኛው እኮ ሁሉም የሞተበት ነው» አለቻቸው።

«አውቃለሁ» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «እዚህ ውስጥ በሕይወት ያለው ልጄ ብቻ ነው።»

ማዳመጫውን አላወለቁም፤ እሷም ሁለተኛ አልነካቻቸውም።