በፌስታል የመጣው ጣት

ልጄ ደባሱ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ባጃጁን እየነዳ ሲያልፍ ኮፍያውን እንኳ አያወልቅም። ዐርባ ዓመት ሊሞላው ነው። ሲሰግድ ያየሁት ትንሽ ልጅ ሳለ ነው፤ ያውም አባቱ ማጅራቱን ይዞት። እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ሚስቱን በቅዱሳን አጥንት ላስጠብቅ ብሎ የተነሳው ይህ ሰው ነው።

እኔ ያወቅሁት ከጎልማሶች ትምህርት ስመለስ ነው። ምራቴ ጽጌማርያም ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል፤ ስለዚህ በዚህኛው ከቤት ስወጣም ስገባም እግሯን ሳላይ አላልፍም። አየሁት። እንደ ቅል አብጧል።

«ለምን አልተኛሽም? ሐኪሙ በጎንሽ ተጋደሚ አላለሽም?»

«አልጋው ላይ ሰው አለ» አለችኝ።

«የምን ሰው?»

«እኔ እንጃ እማማ። ጣቱን ብቻ ነው ያየሁት። ልጅዎን ይጠይቁት።»

ገብቼ ትራሱን ገለጥሁ። ጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በፌስታሉ ውስጥ እራፊ ጨርቅ፣ በጨርቁ ውስጥ ቢጫ የጣት አጥንት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥሁ።

ደባሱ ከኋላዬ ገባ። ሽልማት ያገኘ ሰው ይመስል ፈገግ ብሏል።

«አየሽው እማ? ከይምርሐነ ክርስቶስ ነው። ከትናንት ወዲያ ከተሳላሚዎች ጋር ሄጄ፣ ሰው ሁሉ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ እጄን ሰደድሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ዋሻው ውስጥ በግልጥ የተኙት ሙታን እኮ ስንት ናቸው! አንድ ጣት ቢጎድል ማን ያውቃል?»

«ባለቤቱ።»

«ባለቤቱማ ከሞተ ስንት መቶ ዓመቱ ነው።»

«ያን ሁሉ ዘመን ተኝቶ ኖሮ ሌባ ቀሰቀሰው በለኛ።»

«ሌባ አትበይኝ። ለጽጌ ብዬ ነው። ቅዱሳን ናቸው፣ ይጠብቋታል።»

«ቅዱስ መሆኑን ካመንህ እንዴት ሰረቅኸው? ካላመንህ ደግሞ ለምን አመጣኸው?»

ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ ሲያስተምር የሚውለው ልጄ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶ ግንባሩን አከከ። «እሺ በቃ፣ ወስጄ እጥለዋለሁ» አለ።

እንዲህ ነው የእሱ እምነት። ጠዋት ትራስ ሥር፣ ማታ ገደል።

ጽጌማርያም ከውጭ ሆና ሰማችን። «ቦታው ሳይገባ ጎኔን አላሳርፍም» አለች። «እርስዎ ከተኙ በኋላ ሁለት ሌሊት እዚሁ ተቀምጬ ነው ያነጋሁት። ሰው ከቦታው ተፈናቅሎ እኔ እንዴት እተኛለሁ? ልጄንስ ቢቀየምብኝ?»

እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነበር፤ አፌ ላይ ላለማምጣት ብዬ እንጂ።

በማግሥቱ ጎረቤታችንን ወርቅአገኘሁን ጽጌን እንዲጠብቅልን፣ ምጥ ከመጣ በመኪናው ጤና ጣቢያ እንዲያደርሳት አደራ ብለን በጠዋት ወጣን። ደባሱ አጥንቱን ልያዝ ቢለኝ እንቢ አልሁት። ኪሱን አውቀዋለሁ፤ ማስቲካ አለ፣ ሲጋራ አለ። ከነፌስታሉ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ደረቴ ላይ ያዝሁት። ብልባላን አልፈን እስክንደርስ እሱ በሚኒባሱ መስኮት እያየ ያኮርፋል፤ እኔ የጣቱን ባለቤት እለምናለሁ። «አንተ የማላውቅህ ሰው፣ እሷ የለችበትም። ጥፋቱ የልጄ ነው። ልጄን ማጣት ካለብኝም...» ብዬ ጀመርሁና ፈርቼ አቋረጥሁት።

ካህናቱ እንደሚነግሩን እነዚያ ዋሻው ውስጥ የተኙት ሰዎች ከሩቅ አገር የመጡ ናቸው። ሽማግሌ አለ፣ በሽተኛ አለ። የመጡት ሊመለሱ አይደለም፤ እዚያው ሊያርፉ ነው። ስንት ወር በእግራቸው ሄደው የደረሱበትን ቦታ ልጄ በአንድ ከሰዓት አስለቀቃቸው። ያውም በፌስታል።

ከመኪና ወርደን በጽድ ዛፉ መካከል ያለውን ዳገት ስንወጣ ደባሱ ሦስት ጊዜ ቆሞ ተነፈሰ። እኔ አልጠበቅሁትም። ዋሻው ውስጥ አባ ወልደ ሩፋኤልን አገኘናቸው፤ ቦታውን የሚጠብቁት ቄስ ናቸው። ጉልበታቸውን ስሜ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ የጽጌን ሆድ፣ የጽጌን እግር፣ በርጩማውን። አባ ቋጠሮውን ፈቱት። ፌስታሉን መዘው ለደባሱ ሰጡት።

«ይህ ያንተ ነው፤ ያዝ።»

ከዚያ አጥንቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠየቁት።

«ከየትኛው ነው?»

ደባሱ ወደ ሙታኑ ተመለከተ። ራስ ቅል በራስ ቅል ላይ፣ እግር በእግር ላይ፣ በመካከሉ ያለቀ የመግነዝ ጨርቅ።

«ከዚያ በኩል መሰለኝ፣ አባ።»

«በኩል አላልሁህም። ከማን?»

«አላየሁም። ቸኩዬ ነበር።»

«የሰው እጅ ስትቆርጥ ፊቱን አላየህም?»

«ሁሉም አንድ ናቸው ብዬ...»

«እንግዲያው ያንተን ጣት ቆርጬ ለሌላ ባጃጅ ነጂ ልስጠው። ሁላችሁም አንድ አይደላችሁም?»

ደባሱ ሳያስበው እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። አሳፈረኝ። እውነቱን ለመናገር ሳቄም መጥቶብኝ ነበር።

አባ ወደ እኔ ዞሩ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እነዚህ መድኃኒት ሊሆኑ አልመጡም፣ ልጄ። ትንሣኤን እዚሁ ተኝተው ሊጠብቁ ነው የመጡት። በረከታቸው መምጣታቸው ነው። በረከት የፈለገ እንደ እነሱ መጥቶ ይሳለማል፤ ቆርሶ አይሄድም።»

ጸሎት አድርሰው አጥንቱን ከመካከላቸው አኖሩት። ከማን አጠገብ እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም፤ አላወቅሁም ብለው ነገሩኝ። እኔ የጓጓሁት ቦታው ገባ ብለው እንዲምሉልኝ ነበር። አልማሉልኝም።

«አንተ ሰባት ቀን እዚህ ትቆያለህ» አሉት ደባሱን። «ዋሻውን ትጠርጋለህ፣ ለተሳላሚ ውኃ ትቀዳለህ። በየቀኑ ደግሞ እዚህ ቆመህ አንድ በአንድ ፊታቸውን ታያለህ።»

«ሚስቴ እኮ ልትወልድ ነው አባ!»

«እሱም ቤተሰብ ነበረው።»

«እማ! ንገሪያቸው እንጂ!»

ልለምንለት አፌን ከፍቼ ነበር። የእናት አፍ ነዋ። ከዚያ ጽጌ በርጩማው ላይ ታየችኝ።

«ምን ብዬ ልንገራቸው?» አልሁት። «ያለ እሱ ምጥ አይመጣም ልበላቸው?»

መጥረጊያውን ሲያነሳ ትቼው ወረድሁ። አያያዙ ራሱ ያስቃል፤ እባብ የያዘ ነው የሚመስለው።

ቤት ስደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ጽጌ እዚያው በርጩማው ላይ ናት።

«ገባ?» አለችኝ።

መዋሸት እችል ነበር። «ከመካከላቸው ገብቷል። የማን እንደሆነ ግን አልታወቀም። ልጄ ፊቱን አላየውም።»

ወደ አልጋው ዞራ ተመለከተች።

«እነሱ ይተዋወቃሉ» አለች። «ደባሱስ?»

«ቀረ። ሰባት ቀን ያስቀሩታል።»

«በአንድ ጣት ሙሉ ሰው?»

«አሁንም የተጎዱት እነሱ ናቸው።»

ሆዷን ደግፋ ሳቀች። ከዚያ እጇን ሰጠችኝ። ቀስ አድርጌ አነሳኋት፤ በግራ ጎኗ አጋደምኋት። ጋቢ ላመጣላት ጓዳ ደርሼ ስመለስ ማንኮራፋት ጀምራለች።