አራት መቶ ሜትር፣ ቀላል

ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ቁጥር አምናችሁ ልቡን የታመመ አባት ይዛችሁ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ወጥቻለሁ። «ወደ ፏፏቴው፦ አራት መቶ ሜትር፣ ሜዳማ፣ ቀላል» ይላል በብሔራዊ ፓርኩ መግቢያ ላይ የቆመው ሰሌዳ። ሰሌዳ አምኜ አላውቅም። ይህን ያመንኩት ቁጥሩ የአባቴ ስለሆነ ነው። አባቴ ጡረታ የወጣ ቀያሽ ነው፤ መንገዱን ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት በሜትር የለካው እሱ ነው።

ሐኪሙ «ሜዳ ላይ፣ በቀን ከአንድ ኪሎ ሜትር ሳይበልጥ። ዳገት በፍጹም» ብሎታል። አባቴ ጥቂት አሰላና «ፏፏቴው ደርሶ መልስ ስምንት መቶ ነው፤ ሁለት መቶ ይተርፈኛል» አለኝ። ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ አንዴ ልየው ብሎ የለመነኝ ነገር ይህ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። እርምጃውን እየቆጠረ ነው የሚራመደው፤ የድሮ አመሉ ነው። ላናግረው ስል ቁጥሩ እንዳይጠፋበት እጁን አንስቶ ዝም ያሰኘኛል። ሦስት መቶ ሜትር ላይ ቆመ።

«እዚህ ጋ የእንጨት ድልድይ ነበር» አለ።

ድልድዩ የለም። ወንዙ ዳር ሁለት የሲሚንቶ ምሰሶዎች ብቻ ቀርተዋል። መንገዱ ወደ ግራ ታጥፎ ገደሉን በድንጋይ ደረጃ ይወጣል፤ ጫፉ አይታይም። ፏፏቴው ከዛፎቹ ጀርባ ሲወርድ ይሰማል።

የፓርኩ ጥበቃ ከደረጃው ሲወርድ አገኘነው።

«ድልድዩ የት ገባ?» አልኩት።

«ጎርፍ ከወሰደው አራት ዓመቱ። አሁን በላይ ዞሮ ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው።»

«ሰሌዳው አራት መቶ ይላል እኮ።»

«ሰሌዳ የዋናው መሥሪያ ቤት ነው፣ ወንድሜ። እኛ በየሦስት ወሩ ሪፖርት እናደርጋለን።»

«ምን ብላችሁ?»

«ሰሌዳው በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል ብለን። የሚጠይቁን ቀለሙን ነዋ።»

ደሜ ፈላ። አፌን ስከፍት አባቴ ክንዴን ያዘኝ።

«ተወው፤ እሱ ምን ያድርግ።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቅኩና «ላዝልህ፣ አባዬ» አልኩት።

«ሰማንያ ኪሎ አዝለህ ደረጃው ላይ ስትወድቅ ሁለታችንንም ይሄ ምስኪን ሊሸከመን ነው?»

ጥበቃው ሳቀ፤ እኔ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። አባቴ አንገቱን አዘንብሎ የውሃውን ድምፅ ሰማ፣ ሰማና «እንመለስ» አለ። ፏፏቴውን አላየም። ከእንግዲህም አያየውም።

ከጥበቃው ጋር መግቢያው ላይ ስንደርስ አባቴ ጣቱን ቁጥሩ ላይ አሳረፈ።

«ልክ ነበር እኮ» አለ ቀስ ብሎ። «ሁለቴ ነው የለካሁት።»

ከዚያ የጥበቃውን ወንበር ለመነና ሰሌዳው ሥር አድርጎ ተቀመጠበት። ደክሞት መስሎኝ ነበር። ለካስ ጀርባውን አስደግፎ ቁጥሩን ሸፍኖታል። ከዘራ የያዙ አንዲት ሴት ከባላቸው ጋር ሲመጡ ቀና አለ።

«እናቴ፣ ወደ ፏፏቴው ከሆነ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ነው፤ ደረጃም አለው።»

«ሰሌዳው ቀላል ነው ይል የለም እንዴ?»

«የለካሁት እኔ ነኝ። አሁን ውሸት ሆኗል።»

ሴትየዋ ባላቸውን አዩ፤ ባልየው ጉልበታቸውን። መርቀውት ተመለሱ። ጥበቃው ራሱን አከከ።

«አባባ፣ ጎብኚ እየመለሱብን ነው።»

«ነገርኳቸው እንጂ መቼ መለስኳቸው? ራሳቸው ናቸው የተመለሱት።»

ይኸው ሰባት ቅዳሜ ሆነ። እየነዳሁ አመጣዋለሁ፣ እስከ ከሰዓት ይቀመጣል፣ ቤት ስንገባ ጫማውን ሳያወልቅ እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔም ደክሞኛል። ለዋናው መሥሪያ ቤት ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ለሦስተኛው «አስተያየትዎ ተመዝግቧል» የሚል መልስ መጣልኝ።

እንዲመዘገብልኝ አልጠየቅኩም። የፓርኩ ዋና ኃላፊ ሆይ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይምጡ። መኪናዎን በር ላይ ያቁሙና ከሰሌዳው እስከ ፏፏቴው በእግርዎ ይሂዱ። ሲመለሱ አባቴ አጠገብ ይቁሙና፣ ጎብኚው ሁሉ እየሰማ፣ በራስዎ አፍ ይመልሱ፦ ስንት ሜትር ነው? አራት ዓመት ሙሉስ በማን ቁጥር ነው ሰው ሲልኩ የኖሩት?