ጀልባዎቹ ሐይቅ ላይ ዋሉ

ሰሊማ ወደቡ ስትደርስ ጀልባዎቹ ሁሉ ወጥተዋል። በዚህ ሰዓት በሐይቁ ዳር መንደር በቁንዝላ ዓሣ አጥማጅ ወጥቶ አያውቅም። መረብ የሚጣለው ማታ፣ የሚነሣው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ረፋዱ ላይ ወንዶቹ ዓሣቸውን አስረክበው ጥላ ሥር መረባቸውን ይጠግናሉ። ዛሬ ግን የኮሮና መርማሪዎች መኪና ገባ ሲባልና ጀልባዎቹ ከዳር ሲላቀቁ አንድ ሆነ። አሁን ድንጋይ ቢወረወር የማይደርስበት ቦታ ላይ ቆመው ወደ ዳር ያያሉ። ውኃ ውስጥ መረብ የጣለ አንድም የለም።

መርማሪዎቹ ዋርካው ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ለተመርማሪ የተደረደሩት ወንበሮች ባዷቸውን ናቸው።

ሰሊማ የመጣችው ባሏን ሀይደርን ፍለጋ ነው። ሀይደር ሰሞኑን ትኩሳት ይዞት ያስላል። ብርድ ነው ይላል። ብርድ ከሆነ እሰየው፤ ካልሆነ ግን ቤት ውስጥ አባቱ ሼህ አደም አሉ። ጀልባ ሲሠሩ ያረጁ ሰው ናቸው፤ አስሙ ደረታቸውን ስለጎዳው ከመኝታቸው እስከ ደጁ ሲመጡ እንኳ ግድግዳ ይዘው ያርፋሉ። አባትና ልጅ የሚበሉት ከአንድ ገበታ ነው። ሰሊማ ገበታውን ልትለይ ብትሞክር ሽማግሌው እጃቸውን ሰበሰቡ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል አሉ። ለመነቻቸው፣ ተቆጣች፤ ሳይበሉ አደሩ። ጠዋት በስንት ልመና፣ በእጇ እያጎረሰች አበላቻቸው። ያኔም የመጨረሻ ቃላቸው፣ «ሐኪም ልጅዎ በሽታው አለበት ይበለኝ፣ እለያለሁ። በአንቺ ግምት ግን ልጄን አላርቅም» የሚል ነበር።

ይኸው ሐኪሙ መጣ፤ ልጁ ደግሞ ሐይቅ ላይ ነው።

ደወለችለት። አላነሣም። ደጋግማ ስትደውል አነሣ።

«ና ውረድ» አለችው።

«ሌሎቹ ይውረዱና እወርዳለሁ።»

«ሌሎቹም እኮ እንዲሁ ነው የሚሉ።»

«እንግዲያ ሁላችንም እዚሁ ነን» አለና ሊስቅ ሲል ሳሉ ቀደመው። ስልኩ ተዘጋ።

ሐይቅ ላይ የመሸሹ ምክር የገድሉ ነው። ገድሉ የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ነው፤ እሱ ራሱ አልሸሸም፣ ከዳር ቆሞ ጀልባዎቹን ይጠብቃል። አንድ ሰው ከተገኘበት ወደቡ ይዘጋል፣ የባሕር ዳር ነጋዴም የቁንዝላን ዓሣ አይገዛም ብሎ ነው ሰዉን ያስወጣው። ሰሊማ ውሸት ነው ልትለው አልቻለችም። እሷም የምታድረው ወንዶቹ የሚያመጡትን ዓሣ ገፍፋ ነው።

«አንቺ ሂጂና ቢላሽን ሳዪ» አላት። «በሽታ ካልፈለጉት አይገኝም።»

«ሰሞኑን የቀበርናቸውን ሽማግሌዎች ማን ፈልጎባቸው ነው፣ አያ ገድሉ?»

«እሱ ዕድሜ ነው።»

«ዕድሜ ነው? አንድ መንደር መርጦ፣ ተራ አስይዞ የሚጠራ ዕድሜ?»

ከዚህ ሰው ጋር መሟገት ውኃ መውቀጥ ነው ብላ ወደ ዋርካው ሄደች።

መርማሪዋ የሺአረግ የምትባል ልጅ እግር ነርስ ናት። ሰሊማ የመመርመሪያውን እንጨት ስጪኝና ጀልባ ፈልጌ ባሌን ልመርምር አለቻት። አይሆንም። እንግዲያ አንቺ ነይ፣ እወስድሻለሁ አለቻት። እሱም አይሆንም፤ የሺአረግ ዋና አትችልም፣ ወንዶቹ እስከ ምሳ ሰዓት ካልመጡ ደግሞ መርማሪዎቹ ዕቃቸውን ሰብስበው ወደ ሌላ ቀበሌ ያልፋሉ። መቼ እንደሚመለሱ አታውቅም።

«እርስዎስ ለምን አይመረመሩም፣ እትዬ?»

«እኔን ምንም አላመመኝ።»

«ያመመውን ብቻ ከመረመርን በሽታው ባላመመው በኩል ሲዞር ይከርማል። ለዚህ ነው ሁሉም ይምጣ የምንለው።»

ሰሊማ ልትመረመር የተቀመጠችው ወንዶቹ አይተው እንዲያፍሩ ብላ ነው። እንጨቷ አፍንጫዋ ውስጥ ስትገባ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ጠበቀች።

የሺአረግ ውጤቱን አየችና ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች። በሽታው አለብዎት አለቻት።

«ድገሚው።»

ደገመችው። ያው ነው።

ለሰሊማ ወዲያው የታያት ጠዋት ሽማግሌውን ያጎረሰችበት እጇ ነው። ስንት ቀን ሙሉ ሀይደርን እንደ ሌባ ስትጠብቅ ከርማለች፤ እሷን ግን የጠበቃት የለም።

ገድሉ ነገሩ ገብቶት ጠጋ አለና፣ መልሶ ራቅ ብሎ ቆመ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሆድሽ ያዥው አላት። በጓሮ በኩል ቤትሽ ግቢና ተኚ፣ ጎረቤት አይስማ፣ ቀለብሽን እኔ አስልክልሻለሁ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚለውን ያደርጋል። የሺአረግ ግን ሰሞኑን ከማን ጋር እንደዋለች እየጠየቀቻት ነው፤ አብሮ የዋለ ሁሉ ተመዝግቦ መመርመር አለበት። ሰሊማ ለሁለቱም ሳትመልስ ለሼህ አደም ደወለች።

«አባ፣ ሐኪሟ ተናግራለች። ገበታዎን ይለዩ።»

«ሀይደር ተገኘበት?»

«እኔ ነኝ የተገኘብኝ።»

ሽማግሌው ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ አላህ ያሽርሽ አሏት። ከዚያ፣ «ሀይደርን ምን አለችው?» አሉ።

«ሀይደርማ ሐይቅ ላይ ነው።»

«እንግዲያ እሱን ሐኪም ምንም አላለውም። ከአንቺ እለያለሁ፤ ልጄ ሲመጣ አብረን እንበላለን።»

ስልኩን ከጆሮዋ አወረደችው። ጩኺ ጩኺ አላት። ሽማግሌው እልኸኛ፣ ልጃቸው ፈሪ፣ ሊቀ መንበሩ ብልጥ፤ በመካከል ያ የተጎዳ ደረት አለ። ተነሥታ ወንበሯን ከሰዎቹ አራቀችና ተቀመጠች።

«ከማን ጋር እንደዋልሁ አይደል የጠየቅሽኝ?» አለቻት የሺአረግን። «ያዥ። መጀመሪያ ሀይደር አደም፣ ባሌ ነው። ያች ጫፍ ላይ ያለችው ጀልባ ውስጥ ጋቢ የለበሰው። ትኩሳት አለው፣ ያስላል፤ ሳትመረምሪው ከዚህ እንዳትሄጂ።»

«አንቺ ሴት» አላት ገድሉ።

«ቀጥሎ ገድሉ» አለች ሰሊማ፣ ዞር ብላም ሳታየው። «ትናንት አጠገቤ ነው የዋለው። የአባቱን ስም ራሱ ይንገርሽ።»