ያልተቆጠረችው ሠላሳኛ በረራ

ልብ ያለህ አንባቢ ሆይ፥ የአዳም ልጅ በምድር ላይ ከሚሸከመው መከራና ጭንቅ ሁሉ አንጀቱን የሚያሳርረው፥ ደክሞ የፈጸመውን ሥራ ሌላው ወንበር ላይ ተቀምጦ «አልተሠራም» ሲለው ነው፤ ድካም በእንቅልፍ ይወጣል፥ ቁስልም ውሎ አድሮ ይሽራል፥ የተካደ ልፋት ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮ ላይ ተሰንቅሮ ይቀራል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ክላሪ ደንስታን የሚባል አውስትራልያዊ የበግ ፀጉር ሸላች፥ ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ አገር ገብቶ፥ በቦምብ ጣይ አውሮፕላን ጅራት ካለችው የመስተዋት ጎጆ መትረየስ ታቅፎ፥ ጀርባውን ለስድስት ጓደኞቹ ፊቱን ለጠላት ሰጥቶ ይዋጋ ነበር። ሠላሳ ጊዜ በርሮ የተመለሰ ይሰናበት ዘንድ ሕጉ ያዛልና፥ ዓይናቸው እየጠፋ ለሄደው ለአባቱ «ሳይጨልምብዎ ፊቴን ያያሉ» ብሎ ጽፎ ነበር። በሠላሳኛይቱ በረራ ግን ዒላማው ሳይደርሱ ሁለት ሞተር ተቃጥሎባቸው፥ ክንፋቸው እንደ ወንፊት ተበሳስቶ፥ ቦምቡን ባሕር ላይ ጥለው ለጥቂት ተረፉ።

«ቦምቡ ከዒላማው ካልወደቀ በረራዋ አትቆጠርም፤ ሃያ ዘጠኝ ነህ» አለው አዛዣቸው ሻለቃ ፔምበርተን፥ ከበረራው መዝገብ ቀና ሳይል።

«የተኮሱብን ሰዎችማ ቆጥረውናል፥ ጌታዬ።»

«ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።»

«አገሬም እንዲህ ያለ አሠሪ ነበረኝ፤ ስንሸልት ውለን ወገባችን ሲቆረጥ እየዞረ ያያል፥ ትንሽ ፀጉር የቀረበትን በግ ቀይ ቀለም ቀብቶ ከቁጥር ያወጣዋል። ከእርሱ ያመለጥሁ መስሎኝ ነበር።»

ደጅ የቆየው የአውሮፕላናቸው አብራሪ ኖርማን፥ የቀይ ቀለሙን ወግ ስንቴ የሰማው፥ «ምን አለህ?» ቢለው፥ «ቀይ ቀባኝ» አለ ክላሪ።

«አንተን ብቻ መሰለህ? ሰባታችንም ቀይ ነን። ይልቅ ማጉረምረሙን ትተህ ነገ የአውሮፕላኔን ጅራት ጠብቅ።»

በማግስቱ በሌላ አውሮፕላን በጠራራ ፀሐይ ሄዱ፤ ቦምቡም ልክ ከዒላማው ወደቀ። «አሁንስ ይቆጠር» አለ ክላሪ በመነጋገሪያው፥ ታክቶት። ሲመለሱ የጠላት ተዋጊዎች ከበቧቸው፤ ጥይቱ እስኪያልቅ ተኮሰ፥ ጅራቲቱም ተቆርጣ ከእርሱ ጋር ወደቀች፤ ከሰባቱ አንድም አልተረፈ። ሻለቃው የሌሎች አብራሪዎችን ምስክርነት ሰምቶ «ሠላሳ» ብሎ ጻፈ፤ ለአባትየውም «ልጅዎ የታዘዘውን በረራ ሁሉ አሟልቶ በክብር ወደቀ» የሚል ደብዳቤ ላከ። ጎረቤት ሲያነብላቸው፥ ሽማግሌው ብርሃን ያጡ ዓይኖቻቸውን ወደ በሩ አዙረው «ካሟላስ ለምን አላሰናበቱትም?» አሉ። ሹም የጎደለውን ሥራ ይጥላል፤ ሞት ግን የጎደለውን ዕድሜ እንደ ሙሉ ቆጥሮ ይረከባል።