ቀለም የሚበላው ቅጠል

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረ። ጉድጓዱ ነጠፈ። ከዚያ ውርጭ መጣና የተረፈውን ለበለበው። ክር ቀለም ከሚነክሩት ሴትዮ ጓሮ የቀረው ከአንድ ቁጥቋጦ የተለቀመ እፍኝ የማይሞላ ቅጠል ነው።

ሴትዮዋ ሳል በያዛቸው ቁጥር ይህንኑ አፍልተው ይጠጣሉ። ጎረቤት "ትኩስ ውሃ ነው" እያለ ያሾፍባቸዋል። ኬሚስቱ አማቻቸው ልጃቸውን ለጋብቻ ሊጠይቅ የመጣ ጊዜ፣ "ውስጡ ያለውን መርምሬ እነግርዎታለሁ" ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። ልጅቷን ወሰደ፣ ሁለት ወለደ፣ ቃሉ ግን የውሃ ሽታ ሆነ። ሲጠይቁት ሁልጊዜ "በቅርቡ" ስለሚል አቶ በቅርቡ አሉት።

ቅጠሉን በጨርቅ ቋጥረው ቤተ ሙከራው ድረስ ወሰዱለት። "ይኸው የመጨረሻው። ከእንግዲህ ሰበብ የለም።"

በጥላ አደረቀው፣ ፈጨው፣ በአልኮል ዘፍዝፎ አጠለለው። ሴትዮዋ በሳምንቱ ሲመጡ ከጭማቂው ጥቂት ጠብታ ሐምራዊ ፈሳሽ ባለበት ብልቃጥ ውስጥ ጨመረ። ወዲያው ስልክ ጠራውና ወጣ።

ሐምራዊው መገርጣት ጀመረ። ቢጫ ሆነ።

"ኧረ ጉዴ! ቀለሙ ለቀቀ!" ዕድሜ ልካቸውን ቀለም የለቀቀ ክር ደንበኛ ሲያሳጣቸው ኖሯል። አላስቻላቸውም፤ ከጠርሙሱ ሐምራዊ ጨመሩበትና ምንም እንዳላደረገ ሰው ቁጭ አሉ።

አማችየው ተመልሶ ብልቃጡን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

"እማማ፣ አልሆነም። ጉልበት ቢኖረው ኖሮ ይህን ቀለም ያጠፋው ነበር። ሰውነትን እንደ ዝገት የሚበላውን ነገር የሚያበርድ ቅጠል የሚታወቀው በዚህ ነው።"

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ወደ ጠርሙሱ መለሱ። "እንግዲህ... ለቆ ነበር።"

"ምን?"

"ለቆ ነበር አልኩህ! የተበላሸብህ መስሎኝ አሳዘንከኝና ጨመርኩበት።"

ራሱን ያዘ። ሊናገር ሲል ዓይኑ ብልቃጡ ላይ አረፈ። እንደገና ቢጫ ሆኗል።

"እማማ! ሁለተኛውንም በላው!"

"ልክ እንዳንተ! ከጠገበ በኋላም ጨምሩልኝ ይላል።"

እስኪያለቅስ ሳቀ። ከዚያ በቀረችው ጭማቂ ሙከራውን እንደ ደንቡ ደገመው፤ ሴትዮዋ እጃቸውን በጭናቸው ሥር አድርገው ጠበቁ። ቅጠል የነካው ብልቃጥ ገረጣ፣ ያልነካው ሐምራዊ እንደሆነ ቀረ። የቀሩትን ምርመራዎች አስቀድሞ ጨርሶ ነበርና አጠገባቸው ተቀመጠ።

"ፌኖል አለው፣ ፍላቮኖይድ አለው፣ ታኒን አለው፤ ቀለሙን የበሉት እነዚህ የቅጠሉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ለሳል ይሁን አይሁን ግን ገና አላውቅም።"

"እሱን እኔ አውቃለሁ። ድገምልኝ እስቲ።"

ደገመላቸው። እሳቸውም ጎረቤት ፊት እንዳይሳሳቱ ሦስቱንም ቃል በአፋቸው አመላለሱ፤ ከዚያ ተነሥተው ግንባሩን ሳሙት።

"በል፣ ዕዳህን ከፍለሃል።"