ለሁለት የተከፈለው ኮምፒውተር

ጌታሁን የታናሽ ወንድሙን የሚካኤልን ፀጉር ጨምድዶ ግንባሩን ከጠረጴዛው ጋር ሲያጋጨው እናታቸው በየነች ሱቁ በር ላይ ደረሰች። የያዘችውን ሙዝ ጥላ በሁለቱ ልጆቿ መሀል ልትገባ ስትል ጌታሁን በክርኑ ገፍቶ ከግድግዳው ጋር አጣበቃት።

"ወግጂ እማዬ። ይሄን ሌባ ዛሬ አስተምረዋለሁ።"

ሚካኤል የአፍንጫውን ደም በእጅጌው እየጠረገ ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆመ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ከላይ ኡቡንቱ፣ ከታች ዊንዶውስ የሚል ተጽፏል። ሱቁ አማን ከተማ ውስጥ መንገድ ዳር ነው። ጌታሁን በዚያ ኮምፒውተር ለደንበኞች ዘፈንና መዝሙር ስልካቸው ላይ ይጭናል። ከደንበኞች ፍላሽ የሚገባው ቫይረስ የሚካኤልን የኮሌጅ ሥራ ደጋግሞ በልቶበታል። ስለዚህ ጠዋት፣ ወንድሙ ቡና ሊያይ ሸዋ ቤንች በሄደበት፣ ከሃርድ ዲስኩ ባዶ ቦታ ግማሹን ከፍሎ ለራሱ ኡቡንቱ የተባለውን፣ የፍላሽ ቫይረስ የማይደፍረውን ሌላ ሲስተም ጫነበት።

"ጋሼ፣ ምንም አልጠፋብህም" አለ። "ወደ ታች ውረድና ዊንዶውስን ምረጥ። ፋይልህ እንዳለ ነው።"

"እኔ ስለ ፋይል ጠየቅሁህ? ክፈል ያለህ ማነው?"

በየነች ስለ ኮምፒውተር የምታውቀው የለም፤ ቁጣው ከየት እንደመጣ ግን ገባት። ባሏ ሲሞት የአካባቢው ሽማግሌዎች፣ እናት በሕይወት እያለች የቡናው መሬት አይከፈልም ብለው መሬቱን ለታላቅየው አደራ ሰጡ። ከዚያ ወዲህ የቤቱ ንብረት ሁሉ አንድ ላይ ነው። ድርሻዬን የሚል ልጅ የእናቱን ሞት እንደተመኘ ይቆጠራል።

"ዛሬ ኮምፒውተሩን ከፈለ፣ ነገ ቡናውን ይላል" አለ ጌታሁን ወደ እሷ ዞሮ። "በቁምሽ ቀብሮሻል እኮ።"

ሚካኤል ዝም ማለት ሲገባው፣ "ቡናውንስ ብጠይቅ? የአባቴ አይደለም?" አለ።

ጌታሁን ጎንበስ ብሎ የኮምፒውተሩን ኤሌክትሪክ የሚያመጣጥነውን ከባድ የብረት ስታቢላይዘር ከነሽቦው መንጭቆ አነሳ። ስክሪኑ ጠፋ። ሚካኤል ጭንቅላቱን ሲከልል ብረቱ ክንዱ ላይ አረፈ። በየነች አጥንቱ ሲሰበር ሰማች። ልጇ መሬት ከወደቀ በኋላ ጌታሁን ጎኑን ረገጠው፤ ብረቱን እንደገና ሲያነሳ ላዩ ላይ ተወረወረች። ትከሻዋን መታት። ያኔ ነው የቆመው።

ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ዙሌይካ ባጃጅ አስቁማ ሚካኤልን ደግፋ ጫነችው። መንገድ ላይ ወደ በየነች ጆሮ ጠጋ ብላ፣ ወደቀ ማለት እንደሚሻል፣ ፖሊስ ከገባበት ሁለቱንም እንደምታጣ ነገረቻት። በየነች የሚካኤልን ጭንቅላት ደረቷ ላይ አስደገፈች። ጌታሁን አንድ ቀን ይገድልብኛል የሚለው ሐሳብ ከሆዷ አልወጣ ብሏል።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሷ ራሔል ክንዱን እያሰረች ቀና ብላ በየነችን አየቻት።

"እናቴ፣ አምናም ጥርሱ ወልቆ ሲያመጡት ከቡና ዛፍ ወደቀ ብለውኝ ነበር። የእርስዎ ቡና ይሄን ያህል ይረዝማል? ዛሬስ ከየት ወደቀ?"

ጌታሁን በሩ ላይ ደርሶ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል። እንደ ሁልጊዜው ከመታው በኋላ ለወንድሙ ጁስ ገዝቶ መጥቷል። ተናድጄ ነው፣ ሰይጣን ነው እያለ ያጉተመትማል።

"ከባጃጅ ወድቄ ነው" አለ ሚካኤል ዓይኑን ሳይገልጥ።

በየነች ልጇን አየችው። ከንፈሩ አብጦ እንኳ ለወንድሙ ይዋሻል። ውሸቱን ያስተማረችው እሷ ናት።

"አልወደቀም" አለች። "ታላቅ ወንድሙ ነው የመታው። ያውና፣ በሩ ላይ የቆመው። ፖሊስ ጥሪልኝ፣ ልጄ።"

"እማዬ" አለ ጌታሁን፣ ወደ ውስጥ አንድ እግሩን አስገብቶ።

በየነች በርጩማውን ጎትታ በአልጋውና በበሩ መሀል አስቀመጠችው። ፊቷን ወደ ጌታሁን አዙራ ተቀመጠችበት።